«ቲቸር፣ እኔ ወንዝ መች ሄድኩ?»

የምኖረው ጅማ ነው፤ ክረምት ሲገባ የአዌቱ ወንዝ ድምፅ ሌሊት አልጋ ድረስ በሚሰማበት ሰፈር። የማስተምረውም እዚያው አቅራቢያ፣ አራተኛ ክፍል ነው። ስድስት ክረምት ሙሉ ስለ ጎርፍ ልጆችን ለማስተማር ሞክሬአለሁ፤ የመጀመሪያውን ክረምት ጭራሽ አበላሽቼዋለሁ። ውሃ አጠገብ የምታስተምሩ ወይም ልጅ የምታሳድጉ የኔን ስህተት ከመድገም ብትተርፉ ብዬ ነው የምጽፈው።

ያኔ የማውቀው ትምህርት አንድ ነበር፦ «ወንዝ አትሂዱ!» ከግንቦት ጀምሮ ሰልፍ ላይ እናገራለሁ፣ ክፍል ውስጥ እደግማለሁ፣ ሲወጡ በር ላይ ቆሜ አስታውሳለሁ። እኔንም እናቴ ያሳደገችኝ በዚሁ ነው። ሰኔ 30 ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የከሰዓት ፈረቃ ተለቆ፣ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ገና እያባራ፣ አንዱ ተማሪዬ የአስፋልቱን ዳር ቦይ ሊዘል ሲል አንድ እግር ኮንጎ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ውሃው ውስጥ ገባ። ጫማ ጠፍቶበት ቤት መግባት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ጎንበስ ብሎ ሊይዘው እግሩን አስገባ። ውሃው ከጉልበቱ በታች ነበር፤ ግን ይሮጣል። ጠልፎ ጣለውና ይዞት ሄደ። ያተረፈው ባጃጁን ጥግ አስይዞ ዝናቡን ሲያሳልፍ የነበረ ሾፌር ነው፤ በቦርሳው ማንገቻ ለቀም አድርጎ ያዘው። ከመንገዱ ሥር ወደሚገባው ቱቦ አፍ ሊደርስ ሦስት እርምጃ ቀርቶት ነበር።

ጭቃ እንደለበሰ እየተንቀጠቀጠ ይዘውት ሲመጡ እኔ ደንግጬ ጮህኩበት፦ «ወንዝ አትሂዱ አላልኩም ነበር?» ቀና ብሎ አየኝ። «ቲቸር፣ እኔ ወንዝ መች ሄድኩ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ያስተማርኩትን አንዲት ሳይስት ጠብቋል፤ ጉድለቱ ትምህርቱ ላይ ነበር። ለእኔ ጎርፍ ማለት አዌቱ ማለት ነበር። ለልጁ ግን ጎርፍ ማለት በየቀኑ የሚዘላት፣ ደረቅ ሆና የከረመች፣ ከደጁ ያለች ቦይ ነች። ያቺን ደግሞ አንድም ቀን ጠርቼለት አላውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት ከቦይዋ ጀመርኩ። ልጆቹ ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ እንዲሥሉ አደረግኩ፤ የሚዘሉትን ቦይ፣ የሚሻገሩትን ድልድይ፣ ክዳን የሌለውን ጉድጓድ፣ ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ ሁሉ። ሲጨርሱ እነዚያን ቦታዎች በሰማያዊ እርሳስ አስቀለምኳቸው። የሠላሳ ዘጠኝ ልጆች ሥዕል ግድግዳ ላይ ተደርድሮ ሳየው ሰማያዊው ከመንገዱ ይበዛ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አዌቱን የሣሉት ዘጠኝ ብቻ ናቸው።

ከዚያ «የማስመሪያ ሕግ» የምንለውን አወጣን። ቦርሳቸው ውስጥ ያለችው ትንሿ ማስመሪያ 15 ሴንቲ ሜትር ነች። አውጥተው ከወለሉ ላይ እግራቸው አጠገብ ያቆሟታል፤ ከቁርጭምጭሚታቸው አለፍ ብላ ትቆማለች። «የሚሮጥ ውሃ ይህችን ያህል ከሆነ አባታችሁንም ሊጥል ይችላል» እላቸዋለሁ። ሁልጊዜ ይስቃሉ፤ አባቶቻቸው ትልልቅ ናቸዋ። ያኔ የቆመ ውሃና የሚሮጥ ውሃ እኩል እንዳልሆነ ሰሌዳ ላይ ሳይሆን ግቢ ወጥተን በባልዲ አሳያቸዋለሁ፦ አንድ ጫማ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ባልዲው ከላይ ቁልቁል ይደፋል። ጫማው ሄዶ አጥሩ ላይ ይለጠፋል። ደጋግመን እናደርገዋለን፤ የሚሳቅበት ትምህርት አይረሳም። 60 ሴንቲ ሜትር የሚሮጥ ውሃ አብዛኛውን መኪና አንስቶ ይወስዳል፤ ባጃጅማ ከዚያም ባነሰ ይሄዳል። ሕጉ እንግዲህ ይህ ነው፦ የሚሮጥ ውሃ ከቁርጭምጭሚት ካለፈ ጫማ ቢሄድ ይሂድ፣ ደብተር ቢሄድ ይሂድ፣ ሰው አይገባም። ለወላጆችም በስብሰባ ላይ ነግሬአቸዋለሁ፦ በክረምት ጫማ ጠፋ ብላችሁ ልጅ አትግረፉ። ይህ ከሁሉ የሚበልጥ የጎርፍ መከላከያ ነው ባይ ነኝ።

አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉትን ልጆቹ የገባቸው በባልዲው ነው።

ክፍሌ ውስጥ ካሉት ልጆች ብዙዎቹ ቤታቸው ኦሮምኛ ያወራሉ። አንድ ቀን አንዷ ተነሥታ «ቲቸር፣ ጎርፍ በኦሮምኛ ሎላ ነው» አለች፤ መጨረሻዋን ስባ። ሌላው ከኋላ «ሎላ ጦርነት አይደለም እንዴ?» አለ። ጦርነቱ መጨረሻው ሳይሳብ ነው፤ ጎርፉ ሲሳብ። በአማርኛ ፊደል ብጽፋቸው አንድ ሆኑብኝ። ሁለቱንም እየሳቡና እያሳጠሩ ሲጫወቱበት ክፍለ ጊዜው አለቀ፤ እኔም ዝም ብዬ ተውኳቸው።

አሁን ታሪኩ ላይ ልምጣ። «ለአራተኛ ክፍል ልጅ የከተማ ታሪክ ምን ያደርግለታል?» ያሉኝ ባልደረቦች አሉ። የኔ መልስ፣ ልጅ ውሃ ለምን ደጁ እንደሚመጣ የሚገባው ደጁ ከመሠራቱ በፊት እዚያ ምን እንደነበር ሲያውቅ ነው። ጅማ ለዚህ የምትመች ከተማ ነች። ከላይ ጅሬን ኮረብታ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት። ከታች ሜዳው ላይ ሒርማታ ነበር፤ ከየአገሩ ነጋዴ የሚሰበሰብበት የሐሙስ ገበያ። በኋላ ጣልያን በወረራው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም፣ የዛሬዋን ከተማ መንገድና ሕንፃ በብዛት የዘረጋው እዚሁ ሜዳ ላይ፣ አዌቱን ይዞ ነው። ከተማዋም ከዚያ ወዲህ የሰፋችው ወደ ጨፌው እየገባች ነው።

ለጉብኝት ጅሬን ስንወጣ ልጆቹን ቤተ መንግሥቱን ከማሳየቴ በፊት ፊታቸውን ወደ ከተማው አዞራቸዋለሁ። ከዚያ ሲታይ ጅማ ሳህን ውስጥ የተቀመጠች ትመስላለች። «እዚህ የዘነበው ውሃ የት ይሄዳል?» እላለሁ። ጣታቸው ሁሉ ቁልቁል ይጠቁማል። አንድ ዓመት አንዱ «ንጉሡ ተራራ ላይ የሠሩት ጎርፍ ፈርተው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቤተ መንግሥት ከፍታ ላይ የሚሠራው በሌላ ምክንያት ነው፤ ጠላት ከሩቅ እንዲታይ፣ ሰው ቀና ብሎ እንዲያይ። ይህንኑ እያስረዳሁ ሳለ አጠገባችን የነበሩ አንድ ሐጂ ሰሙንና ሳቁ። «ንጉሥ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ውሃ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። እኛ ነን መሃል የገባነው» አሉ። ልጆቹ ከጉብኝቱ ይዘው የተመለሱት ይህችን ንግግር ነው፤ የኔን ማብራሪያ ያስታወሰ የለም።

የሰፈሩን የጎርፍ ታሪክ ግን የሚያውቁት አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። በመጀመሪያ ልጆቹን «ሰፈራችን በጎርፍ የተጠቃው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ ብዬ ላክኋቸው፤ ባዶ ደብተር ይዘው መጡ። ሰው ዓመተ ምሕረት አያስታውስም። አጠያየቁን ቀየርነው፦ ውሃው በገባ ጊዜ በቤቱ ውስጥ ማን ተወልዶ ነበር? እስከ የት ደረሰ? ምን ወሰደ? ያኔ ወሬው እንደ ውሃው ፈሰሰ። «ሁለተኛዋን ልጄን አርግዤ»፣ «ደርግ ሊወድቅ ሲል»፣ «ሴትዮዋ በጓን ጣሪያ ላይ ያወጣች ጊዜ»። ልጆቹ የተወለዱትን ሰዎች ዕድሜ እየቆጠሩ ዓመቱን ራሳቸው አወጡት። የሒሳብ ትምህርት እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

ካየናቸው ቤቶች የአንዲት እናት ቤት አይረሳኝም። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ቤታቸው ከአዌቱ ጀርባ ለጀርባ ነው። ሰባት ልጆች ይዤ ገባሁ። ቡና ላይ ነበሩ፤ ጀበናው እየተንተከተከ ቄጤማው ላይ አስቀመጡን።

«እማማ፣ ውሃው በየት በኩል ነው የገባው?» አለ አንዱ፣ እርሳሱን አሹሎ።

«በበር ብለህ ጻፍክ አይደል? አጥፋው» አሉት። «በበር አልመጣም። እኔ በሩን በጆንያ አሸዋ ደፍኜ፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ከወለሉ ነው የወጣው፤ እንደ ምንጭ። ከአልጋው ሥር ድስቱ ብቅ አለ፣ ከዚያ ስፌቱ፣ ከዚያ የባለቤቴ አንድ እግር ጫማ። ድመቷ ቁም ሣጥን ላይ ወጥታ ታየኛለች። እኔ ደግሞ እሷን አያለሁ።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ተነሥተው ግድግዳው ላይ ያለ ምስማር አሳዩን። ውሃው ከጎደለ በኋላ ጭቃው ግድግዳው ላይ ጥሎት የሄደውን መስመር ተከትለው የመቱት ነው። ምስማሩ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ቦርሳ ተንጠልጥሏል፤ የቤት ካርታ፣ የልጆች የልደት ካርድ፣ የባለቤታቸው ፎቶ። «ከዚህ በላይ ያለው የኔ ነው» አሉ መዳፋቸውን ምስማሩ ላይ አድርገው፤ «ከዚህ በታች ያለው የውሃው ነው። ተስማምተናል።»

ሲባጎ አውጥተን ከወለሉ እስከ ምስማሩ ለካንና ቋጠሮ አሰርንበት። በየቤቱ እንዲሁ አደረግን፤ በአንድ ሲባጎ ላይ አሥራ አንድ ቋጠሮ። ያ ሲባጎ ዛሬም ክፍሌ ውስጥ ተሰቅሏል። ቋጠሮዎቹ በየቤቱ ከፍታቸው ለምን እንደተለያየ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ «የነሱ ቤት ዳገቱ ላይ ነው» ብለው ለራሳቸው ተነጋገሩ። እናንተም ከምናደርገው ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ሲባጎውን እመርጣለሁ። ወጪው ምንም ነው፤ ልጅና ሽማግሌ ያገናኛል።

ውሃ መለካትም እንዲሁ ቀላል ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱ ላይ ይቆረጥና የላይኛው ክፍል እንደ ማንቆርቆሪያ ተገልብጦ ይገባበታል። የጠርሙሱ ቂጥ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠርና ውሃ አድርጋችሁ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ሙሉት፤ ዜሮ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጎኑ ላይ ማስመሪያ ትለጥፋላችሁ። ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጋችሁ ትተክሉታላችሁ። ተረኛው ልጅ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንብቦ ይጽፍና ይደፋዋል፤ እስከ ዜሮ ድረስ ውሃ መልሶ መሙላት እንዳይረሳ።

ቁጥሩ ብቻውን ለልጅ ምንም አይለውም። ሕይወት የሚዘራው ጀሪካን ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። የአንድ ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ 50 ካሬ ሜትር ቢሆንና 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,500 ሊትር ይወርዳል፤ በሃያ ሊትር ጀሪካን 75። ውሃ የሚቀዱ ልጆች ናቸውና 75 ጀሪካን ምን እንደሆነ በትከሻቸው ያውቁታል። «አርባ ቤት ቢሆንስ?» 3,000 ጀሪካን። «ሁሉም ባንድ ጊዜ ያቺ ቦይ ውስጥ ቢገባስ?» ዝም ይላሉ። ድሮ ከጣሪያው የወረደውን የጓሮው አፈርና የቡናው ሥር ይጠጣው ነበር፤ ዛሬ ግቢው ሲሚንቶ፣ መንገዱ አስፋልት ሆኖ ውሃው የሚጠጣው አጥቶ ይሮጣል።

በዓመት ጅማ ላይ የሚዘንበው 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ግድግዳ ላይ ከወለሉ ለክተን በጠመኔ አሰመርንና ልጆቹ አንድ በአንድ ቆሙበት። ከሁሉም ራስ በላይ ሆነ። የክፍሉ ረጅሙ ልጅ በጣቱ ጫፍ ቆሞ እንኳ አልደረሰበትም፤ ተናደደ።

የጨፌውን ነገር ያስተማርኩት በሳፋ ነው። ሳፋው ውስጥ ጭቃ ተዳፋት አድርገን ጠቅጥቀን፣ ከታች በኩል የክብሪት ቀፎ ቤቶች ሠራን። ከላይ በተበሳ ጠርሙስ ውሃ አዘነብን። ቤቶቹ ሄዱ። በሁለተኛው ዙር ከቤቶቹ በላይ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አስቀመጥን። ያው ውሃ ዘግይቶ፣ እየተንጠባጠበ ወረደ፤ ቤቶቹም ቆሙ። «ስፖንጁ ምንድን ነው?» የሚለውን በሦስተኛው ቀን ቦዬ ሄደን መለስነው። በኪቶና በቦዬ በኩል ያለው ጨፌ የከተማዋ ስፖንጅ ነው። ሸክላ ለማምረት አፈሩ ይቆፈራል፣ ባህር ዛፍ ይተከልበታል፣ ቆሻሻ ይደፋበታል። ጨፌው በደረቀ ቁጥር ስፖንጁን ከሳፋው አወጣነው ማለት ነው። ልጆቹ ግን፣ ሐቁን ልናገርና፣ የሄዱት ጉማሬ ለማየት ነው። ቦዬ ላይ ጉማሬ አለ። ከሩቅ ሁለት ጆሮ ብቻ አየን፤ ለእነሱ በቂ ነበር።

ከዚያ ወደ ታች። አዌቱ በቦዬ አልፎ ግልገል ጊቤ ይገባል፤ እዚያ ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት ኃይል የሚሰጠው ግድብ አለ። እኛ ደጅ ያለፈው ውሃ አምፖላችንን ሊያበራ ነው የሄደው ስላቸው መብራት በጠፋ ቁጥር አዌቱን መውቀስ ጀመሩ። ግልገል ጊቤ ትልቁን ጊቤ ይቀላቀላል፣ ጊቤ ኦሞ ይሆናል፣ ኦሞ ከኬንያ ጋር የምንጋራውን ቱርካና ሐይቅ ይገባል። የጣሉት ፌስታል የት የት እንደሚዞር ካርታው ላይ በጣታቸው ተከተሉት።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ስህተቴ ይመጣል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም ኦሞ ሞልቶ ዳሰነች ምድር ላይ ከ360 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ደቻቱ ሌሊት ደርሶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ፤ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ የሚታይ አሸዋ ነው ደቻቱ። ዝናቡ የዘነበው ከላይ ተራራው ላይ ነበር። ትምህርቱ ትልቅ ነው፦ አናታችሁ ላይ ሰማዩ ቢጠራም ጎርፍ ይመጣል፤ ውሃው ድንገት ሻይ በወተት ከመሰለ፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ ይዞ ከመጣ፣ ከላይ በኩል የሚያጓራ ድምፅ ከተሰማ ቆማችሁ ሳታዩ ሩጡ፤ ሩጫውም በወንዙ ቁልቁል ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደ ዳገቱ ነው። ይህን ነገርኳቸው፤ ግን ከሟቾቹ ቁጥር ጋር፣ ከሌሊቱ ጋር።

ከሳምንት በኋላ አንዲት እናት መጣች። «ቲቸር፣ ምን ነግረሽብኝ ነው ልጄ ጫማዋን አድርጋ የምትተኛው?» አለችኝ። ልጅቷ ዝናብ በመታ ቁጥር ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ጫማዋን አስራ ነው የምትተኛው። መልስ አጣሁ። ስለ ሞት ማውራት ክልክል ነው አልልም፤ ልጅ ከአዋቂ ወሬ ሁሉንም ይሰማል። ግን ፍርሃት ከሰጣችሁት አብራችሁ ሥራ ስጡት። ከእናቷ ጋር ተማክረን የቤቱን ሰነድ በፌስታል ጠቅልሎ ከፍ አድርጎ መስቀሉን፣ ባትሪው መሥራቱን ማታ ማታ ማየቱን ለሷ ሰጠናት። ሦስት ማታ አከናወነችው። በአራተኛው ጫማዋን አውልቃ ተኛች። ዛሬ ቁጥሩን የምነግረው ከስድስተኛ ክፍል በላይ ላሉት ብቻ ነው፤ ለትንንሾቹ ሻይ በወተቱና ወደ ጎን መሮጡ ይበቃል።

የቤቱ ዝግጅት ብዙ ወሬ አይፈልግም። ሰነድና ደረቅ ልብስ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ውሃ ሲገባ ቆጣሪው ላይ መብራት የሚያጠፋው አዋቂ ነው፤ እሱም እግሩ ደረቅ ከሆነ ብቻ፣ ልጅ አይነካም። ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ዳገት ላይ ያለ አንድ ቤት አስቀድሞ ይመረጥ፤ ልጁም ማታም ቢሆን መንገዱን ይወቀው። ብዙ ሰው የሚዘናጋው ከውሃው በኋላ ነው። ጎርፍ የሽንት ቤቱን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ልጅ ጭቃው ላይ በባዶ እግሩ አይጫወት፣ የጉድጓድና የቧንቧ ውሃ ይፈላ ወይም ውሃ አጋር ይጨመርበት። አተት የሚመጣው ያኔ ነው። ውሃው ከቆመበት ጉድጓድ ደግሞ ወባ፤ አጎበሩ ከቁም ሣጥን ይውጣ።

ከአዋቂ ጋር ያለው ትግል ከልጆቹ ይከፋል። ልጆቹ ያቺን ቦይ አንድ ቅዳሜ ከወላጆች ጋር ጠረጉ፤ ያወጡትን በዓይነት ለይተው ቆጠሩ። ፌስታል አንደኛ፣ የጫት ገረባ ሁለተኛ፣ ሃይላንድ ሦስተኛ። አንድ ፍራሽም ነበር። በሳምንቱ አንድ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው የቆፈረውን አፈር በሙሉ እዚያው ደፋበት። ሄድን፣ ለመንን፤ «ነገ» ተባልን። ለሚመለከተው ቢሮ ጻፍን፤ እዚያም «ነገ»። ነገው ሳይመጣ ዝናቡ መጣ። ልጆቹ «ታዲያ ለምን ጠረግን?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁና አብሬያቸው ተናደድኩ። ደብዳቤውን በየዓመቱ እንልካለን፤ አሁን የሚጽፉት እነሱ ናቸው፣ ከቆጠራው ጋር። ባለፈው ዓመት አፈሩ ተነሥቷል፤ በደብዳቤው ይሁን በሌላ አላወቅሁም።

ጊዜውንም ልንገራችሁ። ትምህርት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከባዱ ዝናብ የሚወርደው ሐምሌና ነሐሴ፣ ልጆቹ ከእጃችን ወጥተው ሰፈር ውስጥ ሲውሉ ነው። የጎርፍን ትምህርት ሰኔ ላይ ለፈተና ክለሳ ጥግ አታስቀምጡት። እኔ ሚያዝያ ላይ እጀምራለሁ፤ ቦይዋ ደረቅ እያለች ውስጧ ገብተን ቆመን እናያታለን።

ለፋሲካ ሰሞን እማማ ልጅ ላኩብኝ። «ሲባጎዋን ይዘሽ ነይ» የሚል ነው መልእክቱ። ከአምስት ልጆች ጋር ሄድኩ። ቤታቸውን ለበዓል አስቀብተው ቀለም ቀቢው ምስማሩን ነቅሎ፣ ቀዳዳውን ደፍኖ፣ ግድግዳውን እንደ እንቁላል አስመስሎታል። ቦርሳው አልጋ ላይ ተጥሏል። ልጆቹ ሲባጎውን ከወለሉ ዘርግተው የሳቸውን ቋጠሮ ፈለጉ፤ አራተኛው ነው። አንዱ እርሳስ አስነካ።

«ትንሽ ከፍ አድርጉት» አሉ እማማ።

«እማማ፣ ውሸት ይሆናላ!» አለች አንዷ። «ውሃው የደረሰው እዚህ ነው።»

እማማ አሰቡበት። «እሺ፤ ለእውነቱ አንድ ምቱልኝ፣ ለእኔ ደግሞ አንድ» አሉ። አዲሱ ቀለም ላይ ሁለት ምስማር መታን። ቦርሳውን የሰቀሉት ላይኛው ላይ ነው።